ብረት ስለሚቆርጥ ባንድ ሶው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ ቤት አለኝ። ዓመቱን ሙሉ በርና መስኮት እንሠራለን፤ የቡና ወቅት ሲቃረብ ደግሞ ከአጋሮና ከሊሙ በኩል የመፈልፈያ ማሽን ዘንግ ተሸክመው የሚመጡ ደንበኞች ይበዛሉ። ባንድ ሶው፣ ማለትም እንደ ሪባን ያለ ጥርሳም ምላጭ በሁለት ጎማ ላይ እየዞረ የሚቆርጥ ማሽን፣ ካስገባሁ ወዲህ ግን ከሥራው ይልቅ ጥያቄው በለጠ። በያጁ፣ ቶርኖ ቤቱ፣ አናጢው፣ ከቂጦ ፉርዲሳ ለፕሮጀክታቸው ብረት የሚያስቆርጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ሳይቀሩ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሁሉም ስለ ማሽኑ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምመልሰው ስለ ምላጩ ነው።

ዲስክ መቁረጫ እያለኝ ባንድ ሶው ምን ያደርግልኛል?

ሥራችሁ በርና መስኮት ብቻ ከሆነ፣ ምናልባት ምንም። 40 በ40 ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) በ355 ሚሊሜትር ዲስክ በጥቂት ሴኮንድ ተቆርጦ ይወድቃል፤ ባንድ ሶው ላይ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ቀኑን ሙሉ በ45 ዲግሪ ቱቦላሬ ሲቆርጥ ለሚውል ሰው ዲስኩን ጣል አልለውም። እኔም አልጣልኩትም።

ነገሩ የሚለወጠው ወፍራም ድፍን ብረት ሲመጣ ነው። 60 ሚሊሜትር ዘንግ በዲስክ የቆረጠ ሰው ያውቀዋል፤ ዲስኩ ያልቃል፣ ብረቱ ይቀላል፣ ክንድ ይዝላል፣ ጎረቤት ይማረራል። ዘንጉ ወደ ቶርኖ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። ካርቦኑ መካከለኛ የሆነ ብረት በዲስክ ቀልቶ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የተቆረጠው ፊት ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል። የቶርኖው ቢላ እዚያ ላይ ይዶለዱማል፤ ትራፓንም (መብሻው) አልገባም ብሎ ይንሸራተታል። ባንድ ሶው የቆረጠውን ፊት ግን ብዙ ጊዜ ወዲያው በእጅ መንካት ይቻላል።

ሌላው ጥቅም ብረቱን አስሮ ወደ ሌላ ሥራ መመለስ መቻሉ ነው። ቆርጦ ሲጨርስ ምላጩን የያዘው የማሽኑ ክንድ ወርዶ ማጥፊያውን ይነካና ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ስለ ብረት ብክነት ብዙ ይወራል፤ ዲስክ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይበላል፣ የትንሽ ባንድ ሶው ምላጭ ደግሞ 1 ሚሊሜትር ገደማ። ከአንድ 6 ሜትር ቱቦላሬ 20 ቁራጭ ብታወጡ ልዩነቱ 4 ሳንቲሜትር ነው። ለዚህ ብሎ ማሽን የሚገዛ የለም።

የእንጨት ባንድ ሶው አለኝ። የብረት ምላጭ ባስገባበትስ?

ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ነው፤ በርጩማዋን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ይህ ጥያቄ እዚህ ከሌላ ከተማ ይልቅ ሳይበዛ አይቀርም። መልሱ አይሆንም ነው፤ ዋናው ምክንያት ፍጥነት ነው።

የእንጨት ማሽኑ ጎማ 60 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ቢኖረውና በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ ምላጩ በደቂቃ 1500 ሜትር ያህል ይሮጣል። ተራ ብረት የሚፈልገው በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ሜትር ነው። ወደ ሃያ እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ብረት የነካ ጥርስ ሰማያዊ ሆኖ ለመላጨት ጊዜ አይፈጅበትም። «ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) እቀይራለሁ» የሚሉኝ አሉ። 1440 ዙር ከሚሠራ ሞተር ያንን ጎማ ወደ 37 ዙር ለማውረድ 1 ለ40 የሚጠጋ ቅነሳ ያስፈልጋል። በአንድ ጥንድ ፑሌጃ የሚመጣ አይደለም። ጊር ቦክስ ጨምሮ አስተካክሎ የሠራው ካለ እጅ እነሳለታለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት እሳት ነው። የእንጨት ማሽን ሆዱ ሰጋቱራ ነው። ትኩስ የብረት ፍቅፋቂ እዚያ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ሲጨስ ይቆይና እናንተ ቆልፋችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሊነሳ ይችላል። በዚያ ላይ ፍቅፋቂው የጎማዎቹ ላስቲክ ላይ እየተሰካ ይበላዋል፤ በማግስቱ እንጨት ስትቆርጡ ምላጩ አልሄድ ይላችኋል።

የትኛውን መጠን ልግዛ?

ለእኛ ዓይነት ሥራ ቤት ሁለት መጠኖችን ማወቅ ይበቃል። ትንሹ ክንዱ ወደ ታች የሚታጠፍ ሆኖ ክብ ብረት እስከ 115 ሚሊሜትር ገደማ ይቆርጣል፤ ምላጩ 1640 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 13 ሚሊሜትር ወርድ፣ 0.65 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ከዚያ የሚቀጥለው እስከ 180 ሚሊሜትር ገደማ የሚቆርጠው ነው፤ ብዙውን ጊዜ 2360 በ20 በ0.9 የሆነ ምላጭ ይወስዳል። የሁለቱ ልዩነት የሚቆርጡት ውፍረት ብቻ አይደለም። ወርዱ ሰፊ የሆነ ምላጭ አይጠምም፣ የክንዱ ክብደትም በሃይድሮሊክ ስለሚያዝ በእርጋታ ይወርዳል። ትንሹ ላይ ክብደቱን የሚይዘው አንድ ሞላ ብቻ ነው።

እኔ የጀመርኩት በትንሹ ነው፤ አልተጸጸትኩም። እግሩ የቀጭን ላሜራ ስለሆነ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጥዬ በአንግል ሌላ በየድኩለት። ስትመርጡ «በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣብኝ ትልቁ ብረት ስንት ነው» ብላችሁ አትነሱ። በየሳምንቱ የምትቆርጡትን አስቡ። ለዚያች ለአንድ ቀን ሥራ ጎረቤት አለ።

ከመጠኑ በፊት ግን የምላጩን ርዝመት ጠይቁ። የማውቀው ሰው ያገለገለ ጥሩ ማሽን በርካሽ አግኝቶ ገዛ፤ የምላጩ ልክ ያልተለመደ ነበር። እያንዳንዱን ምላጭ አዲስ አበባ በልኩ አስበይዶ ያስመጣል፤ 350 ኪሎሜትር ለአንዲት ሪባን። ማሽኑ ላይ ልኩ ካልተጻፈ ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። የሁለቱን ጎማዎች መሃል ለመሃል ርቀት በ2 አባዙ፤ የአንዱን ጎማ ዲያሜትር በ3.14 አባዝታችሁ ጨምሩበት። ስትለኩ መወጠሪያው መሃል ላይ ይሁን፤ ጥግ ላይ ሆኖ የተለካ ልክ ያሳስታል።

ሲንግል ፌዝ ይበቃኛል? መብራቱስ?

ትንሹ ማሽን ግማሽ ኪሎዋት ገደማ የሆነ ሞተር ስላለው ቤት ባለው 220 ቮልት ይሠራል። እስከ 1.1 ኪሎዋት ያለውም እንዲሁ፤ ወደ 7 ወይም 8 አምፔር ስለሚስብ ግን ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ አትሰኩት። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ዘርጉለት። ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ አምፔር ይስባል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ሞተሩ እያጉረመረመ ከተጎተተ አጥፉት፤ «ይሞቅና ይለቀዋል» የሚባል ነገር የለም።

ስሪ ፌዝ የገባላችሁ ደግሞ ማሽኑን መጀመሪያ ስታስነሱ ምላጩ በየት በኩል እንደሚሄድ ተመልከቱ። ሁለት ፌዝ ከተዘዋወረ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጥርሶቹ በጀርባቸው ብረቱን እያሹ ይጠፋሉ። ከሦስቱ ገመዶች ሁለቱን ማቀያየር ነው መፍትሔው። ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ ማሽን ካጋጠማችሁ የሞተሩን ጽሑፍ አንብቡ፤ 110 ቮልት ሊሆን ይችላል። 60 ኸርዝ የሚል ከሆነም እዚህ በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ይቀንሳል።

ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ምን ያደርጋል? ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው በራሱ ይነሳል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ረዳቴ የተጣበቀውን ቁራጭ ለማላቀቅ እጁን ሰደደ፤ ማውጣቱና መብራቱ መምጣቱ እኩል ሆነ። በማግስቱ ኮንታክተር ያለው ማብሪያ አስገባሁ፤ መብራት ሲመለስ አረንጓዴውን ካልተጫኑት አይነሳም። ማሽን ስትገዙ ይኼ ከሌለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስገቡለት።

ያገለገለ ማሽን ስገዛ ምን ልፈትሽ?

ቀለሙን ተዉት። ክዳኑን ከፍታችሁ ጎማዎቹን በእጅ ወዝውዙ፤ ከተንገጫገጩ ኩሽኔታው ሄዷል፤ ኩሽኔታ ግን ይገኛል፣ አያስፈራም። የሚያስፈራው የጎማው ከንፈር ተበልቶ ማየት ነው። ከዚያ ጊር ቦክሱን ክፈቱና ዘይቱን እዩ፤ ውስጡ ያለው የነሐስ ጊር ከተበላ ዘይቱ ወርቅማ ብናኝ ይኖረዋል። ይህን ካያችሁ ትታችሁ ሂዱ፤ ወይም ዋጋውን በዚያ ልክ ተከራከሩ። በመጨረሻ ብረት ይዛችሁ ሂዱና አስቆርጡ። ባዶውን ሲዞር ሁሉም ማሽን ጥሩ ነው።

ስንት ጥርስ ያለው ምላጭ ልጠቀም?

ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይኼ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ጥርስ የሚቆጠረው በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊሜትር ውስጥ ነው። ምላጩ ላይ 14 ከተጻፈ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.8 ሚሊሜትር አለ ማለት ነው፤ 6 ከተጻፈ 4.2። 10/14 የሚል ካያችሁ ርቀቱ እየተለዋወጠ የሚሄድ ነው፤ መንቀጥቀጥና ጩኸት ስለሚቀንስ ልዩ ልዩ ብረት ለሚቆርጥ ሥራ ቤት እሱን እመርጣለሁ።

ደንቡ ቀላል ነው። በማንኛውም ቅጽበት ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 3 ጥርስ ይኑር፤ ከ6 እስከ 12 ቢሆን መልካም ነው፤ ከ24 አይብለጥ። ጥርሱ ካነሰ አንዱ ጥርስ ብቻውን ተሰክቶ ይሰበራል። ከበዛ ደግሞ በጥርሶቹ መሃል ያለችው ጎድጓዳ ቦታ በፍቅፋቂ ትሞላለች፤ ጥርሱ ብረት መንከስ ትቶ በራሱ ፍቅፋቂ ላይ ይንሸራተታል። 50 ሚሊሜትር ዘንግን በ14 ጥርስ ምላጭ ሲቆርጡ የሚሰማው ፉጨትና የማያልቅ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ 27 ጥርስ አንድ ላይ ገብቷል።

እኔ በራሴ ገንዘብ የተማርኩት በሌላኛው በኩል ነው። የመጀመሪያውን ማሽን ስገዛ ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ባለ 6 ጥርስ ምላጭ ጨመረልኝ። እንደመጣሁ 1.5 ሚሊሜትር ቱቦላሬ አሰርኩና ለቀቅኩት። የላይኛውን ፊት ጥሩ አድርጎ ቆረጠ፤ ልቤ ሞላ። ወደ ጎን ግድግዳዎች ሲወርድ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ። ምላጩን ሳወጣው አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ጥርስ የሚባል አልነበረም፤ የአሮጊት ድድ መስሏል። ሻጩን ልወቅስ ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን እኔም አልጠየቅኩትም።

ቱቦላሬ አታላይ የሆነው ለዚህ ነው። ምላጩ የላይኛው ፊት ላይ ተኝቶ ሲሄድ 40 ሚሊሜትር ሙሉ ብረት ስለሚያገኝ የተመቸው ይመስላል። ጎኑ ላይ ሲደርስ የሚያገኘው 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በደንቡ ብንሄድ 3 ጥርስ ለማስገባት 50 ጥርስ ያለው ምላጭ ሊያስፈልግ ነው፤ ያንን የሚሸጥ ሱቅ አላየሁም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቀጭን ቱቦላሬ 14 ወይም 10/14 አስገቡ፣ 18 ካገኛችሁም ይሻላል፤ ከዚያ ክንዱ ወደ ጎን ግድግዳዎች ሲወርድ ክብደቱን በሞላው ወይም በእጅ ያዝ አድርጉለት።

የተቀረውን እንዲህ አድርጌ ነው የምሠራው። ግድግዳው 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ለሆነ ቱቦና አንግል 8/12፤ ለ5 እና 6 ሚሊሜትር 6/10። ለድፍን ብረት፣ እስከ 20 ሚሊሜትር 8/12፤ በ30 አካባቢ 6/10፤ 50 ላይ 5/8፤ ከ80 በላይ 4/6። ሁለት ምላጭ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ 10/14 እና 6/10 ግዙ፤ የጅማን ሥራ አብዛኛውን ይሸፍናሉ። ምላጭ መቀየር ሰልችቶን በአንዱ ሁሉን ለመቁረጥ ስንሞክር ነው ገንዘባችን የሚያልቀው። መቀየር አምስት ደቂቃ ነው።

ባይሜታል የሚሉት በእርግጥ ይለያል?

ይለያል። ባይሜታል ማለት ጀርባው እንደ ሞላ የሚታጠፍ ብረት ሆኖ ጥርሱ ከሃይ ስፒድ ስቲል የተበየደ ነው። ጥርሱ ኤም 42 ከሆነ 8 በመቶ ኮባልት አለው፤ ሙቀትን ይቋቋማል። ተራው የካርቦን ምላጭ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ጥርሱ ግን ከጋለ ጥንካሬው ይጠፋል። ከማሽን ጋር የሚመጣው ምላጭ ብዙውን ጊዜ ይኼ ነው፤ እኔ አውጥቼ ለመጠባበቂያ አስቀምጠዋለሁ። ለቀጭን ለስላሳ ብረት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለሚቆርጥ ሰው ካርቦኑም ይበቃዋል። ዘንግና ስቴንለስ የሚቆርጥ ግን ባይሜታል ይግዛ፤ ሁለት እጥፍ ከፍሎም ያተርፋል።

አዲሱን ምላጭ ማለማመድ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

እውነት ነው። አዲስ ጥርስ እንደ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ነው፤ ጫፉ ከመጠን በላይ ሾሏል። ተጭናችሁ ከጻፋችሁ ትሰበራለች፤ ቀስ ብላችሁ ከጀመራችሁ ትንሽ ትደነድንና ብዙ ትጽፋለች። ስለዚህ አዲስ ምላጭ ስታስገቡ ለመጀመሪያዎቹ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ የመቁረጥ ጊዜ ክብደቱን ወደ ግማሽ ቀንሱ፤ ፍጥነቱን እንደተለመደው ተዉት። ከዚያ በጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ረዳቶቼ ይህን ነገር ለማመን ሁለት ምላጭ ፈጅቶባቸዋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ስህተት አለ። አሮጌው ምላጭ በመሃል ሲዶለዱም አዲሱን አስገብቶ በዚያው ስንጥቅ መቀጠል። አሮጌው ጥርስ ግራና ቀኙ ስለተበላ የከፈተው መንገድ ጠባብ ነው፤ አዲሱ ገብቶ ይነክሳል፣ ጥርሱ ይረግፋል። ብረቱን ገልብጡና ከሌላው ፊት ጀምሩ።

ፍጥነቱን እንዴት ልምረጥ?

በትንሹ ማሽን ቺንጋውን በሦስት ደረጃ ፑሌጃ ላይ ታዘዋውራላችሁ፤ ብዙዎቹ በደቂቃ 20፣ 30 እና 50 ሜትር ገደማ ይሰጣሉ። ለተራ ብረት፣ ለቱቦላሬና ለአንግል ፈጣኑን። ለስቴንለስ መካከለኛውን፣ ተጭናችሁ፤ ስቴንለስ እየታሸ ካልተቆረጠ ይጠነክራል፣ ከዚያ ወዲያ አይበገርም። ለባሌስትራና ለመሣሪያ ብረት ቀርፋፋውን። አሉሚኒየም ከዚህ ሁሉ በላይ ፍጥነት ይችላል፤ በዚህ ማሽን ፈጣኑ ላይ አድርጋችሁ ቁረጡት።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን ፍቅፋቂውን እመኑ። ብርማ ሆኖ እንደ ኮማ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ከወጣ ሁሉም ልክ ነው። እንደ ዱቄት ከሆነ ክብደቱ አንሷል፤ ምላጩ እየታሸ እንጂ እየቆረጠ አይደለም። ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል ወይ እየተጫናችሁት ነው።

እያጣመመ ይቆርጥብኛል፤ ማሽኑ ነው የተበላሸው?

እኔ ጋ ከሚመጡት ውስጥ ማሽኑ ራሱ የተበላሸ ሆኖ ያገኘሁት ጥቂት ነው። መጀመሪያ ምላጩን ጠርጥሩ፤ በአንድ ጎኑ የዶለዶመ ምላጭ ወደ ስለታሙ ጎን ይሄዳል። ቀጥሎ ውጥረቱን። የላላ ምላጭ ልክ እንደ ላላ ገመድ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ሦስተኛ፣ ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙት መሪ ኩሽኔታዎች። ተንቀሳቃሹን ወደ ብረቱ አቅርቡት። 40 ሚሊሜትር ብረት እየቆረጡ መሪዎቹን 15 ሳንቲሜትር አራርቀው የሚሠሩ ሰዎች አያለሁ፤ በዚያ ክፍተት መሃል ምላጩ ወደፈለገው ይሄዳል። አራተኛ፣ ቸኩላችሁ ክንዱን በእጅ ከተጫናችሁት ጠማማው የእናንተ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁም ከጠመመ 50 በ50 የሆነ ድፍን ብረት ወይም ወፍራም ዘንግ ቆርጣችሁ ሌላ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቁራጭ አውጡና ላይና ታቹን በካሊፐር ለኩት። ላይኛው ከታችኛው ከተለየ ጉዳዩ መሪዎቹ ዘንድ ነው፤ ግራና ቀኙ ከተለያየ ብረቱን የሚያስረው ሞርሳ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) አልተስተካከለም። እያንዳንዱን ብሎን ሩብ ዙር ብቻ እያንቀሳቀሳችሁ እንደገና ቁረጡ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ትንሹም ማሽን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል።

አንግል እንዴት ልሰር?

ሁለት ክንፉን ወደ ታች፣ እንደ ቤት ጣሪያ። ምላጩ ከጫፏ ጀምሮ ሁለቱንም ክንፍ እኩል ይዞ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ አጋድሙት፤ አታቁሙት።

ባሌስትራና ፌሮስ?

ፌሮ ይቆረጣል፤ ቆዳው ከውስጡ ስለሚጠነክር ግን ምላጭ ይጨርሳል። እኔ ለፌሮ ዲስክ እጠቀማለሁ፣ ለዚያ ሥራ ምላጬን አላባክንም።

ባሌስትራ ብዙ ይመጣብኛል፤ ቢላና ማረሻ ለመሥራት የሚፈልጉት ጥሩ ብረት ስለሆነ። መጀመሪያ በሞረድ ጫፉን እፈትሻለሁ። ሞረዱ ከነከሰው ይቆረጣል፤ ከተንሸራተተ ምላጩም ይንሸራተታልና ባለቤቱ ብረቱን አግሎ አመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አድርጎ እንዲያመጣው እመልሰዋለሁ። አንድ አባት «አንተ ማሽን አለህ ብለው ነበር የላኩኝ» ብለው አዘኑብኝ፤ በማግስቱ አግለው አመጡት፣ በአሥር ደቂቃ ቆረጥኩላቸው።

ውሃና ዘይት ያስፈልጋል?

ለወፍራም ብረትና ለስቴንለስ ያስፈልጋል። በውሃ የሚሟሟውን የመቁረጫ ዘይት ከ10 እስከ 20 እጅ ውሃ ላይ አንድ እጅ አድርጋችሁ በጥብጡ። ዘይቱን ውሃው ላይ ጨምሩ እንጂ ውሃውን ዘይቱ ላይ አትጨምሩ፤ ይቋጠራል። ከሰነበተ ይሸታል፣ ያን ጊዜ ድፉትና ገንዳውን እጠቡ። ጊዛ (ካስት አይረን) ደረቁን ይቆረጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ ተዉት። ይጨሳል፣ ጎማው ላይ ገብቶ ምላጩን ያንሸራትታል፣ ለእጅ ቆዳም መጥፎ ነው።

የተበጠሰ ምላጭ ተበይዶ ይሠራል?

በኤሌክትሮድ ከሆነ አይሠራም፤ መገጣጠሚያው እንደ ብርጭቆ ይሆንና ጎማው ላይ በታጠፈ ቁጥር ለመሰበር ይዘጋጃል። የምላጭ መበየጃ ያለው ሰው ሁለቱን ጫፍ አጋጥሞ ከበየደ በኋላ እንደገና በቀስታ አሙቆ ያለሰልሰዋል፤ ዋናው ምስጢር ያቺ ሁለተኛዋ ማሞቅ ናት። የእንጨት ምላጭ በነሐስ የሚያያይዙ አናጢዎች አሉ፤ ለካርቦን ምላጭ ያስኬዳል። ባይሜታል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታውም ደክሟልና አልለፋበትም።

ከመጣላችሁ በፊት ስብራቱን እዩት። ብየዳው ላይ ከሆነ ሻጩ ጋ ተመለሱ። ከጀርባው የጀመረ ስንጥቅ ከሆነ ከኋላ የሚደግፈው ኩሽኔታ ላይ ከመጠን በላይ እየተጫነ ነው፤ ክብደት ቀንሱ። በጥርሶቹ መሃል የጀመረ ከሆነ ወይ ውጥረቱ በዝቷል ወይ ምላጩ ዕድሜውን ጨርሷል።

ጓንት ላድርግ?

ምላጭ ስትቀይሩ አዎ፤ የተጠቀለለ ምላጭ ሲፈታ እንደ እባብ ይወረወራል፣ ፊታችሁንም አርቁ። ማሽኑ ሲዞር ግን ጓንት አውልቁ። ጥርሱ ጨርቅ ከያዘ እጅ ይዞ ነው የሚገባው። በክረምት ጠዋት ጋቢ ደርቦ ማሽኑ ላይ የሚያጎነብስ ሠራተኛ አለኝ፤ በየቀኑ እቆጣዋለሁ፣ በየቀኑ ይረሳል። መነጽር ሁልጊዜ ይደረግ። ፍቅፋቂ በብሩሽ እንጂ በእጅ አይጠረግ፤ ሁለት ሰው አብሮ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ማብሪያውን የሚነካው አንዱ ብቻ ይሁን።

በዝናቡ ጊዜ ማሽኑ ዛገብኝ።

ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ይጀምርና መስከረምን ይሻገራል፤ አየሩም እርጥብ ነው። ማታ ማታ ከመቆለፋችሁ በፊት የሞርሳውን ገጽና ጎማዎቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ዘይት በነካ ጨርቅ አሹት። ውሃ ያለበትን ዘይት ጠረጴዛው ላይ አታሳድሩ። ምላጩ ከሁለት ቀን በላይ የማይሠራ ከሆነ ውጥረቱን አላሉት። ትርፉን ምላጭ ሦስት ቦታ ጠቅልላችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ምላጭ ከዝገቱ በፊት ሰው ይረግጠዋል።

ማሽን አልገዛም፤ አስቆርጣለሁ። ምን ይዤ ልምጣ?

ብረቱን ብቻ። ልኩን በወረቀት አትጻፉልኝ፤ ብረቱ ላይ በጠመኔ አስምሩ፣ ምላጩ በየትኛው በኩል እንዲበላም የምትጥሉት ወገን ላይ ጭረት አድርጉበት። ብየዳ ያለበት ቦታ ላይ መስመር ካሰመራችሁ ግን ቦታ እንድትቀይሩ እጠይቃለሁ።